«ወጣች» ብለን ነው

የዛሬ ልጆች ጨረቃን መቼ አዩና! እኔ ግን አንዲት ጨረቃ አውቃለሁ፤ በጣልያን ጊዜ፣ በጥር ብርድ፣ ኮልፌ ላይ የወጣች። እሷን የምታክል ከዚያ ወዲህ አላየሁም። አየሁ የሚል ካለም አይንገረኝ፣ አላምነውም።

እህቴ ያኔ የደረሰች ልጃገረድ ነበረች። የጣልያኖቹ ካምፕ ሹም መንገድ ላይ አይቷት ኖሮ «ሰኞ ጠዋት ለቤት ሥራ እንወስዳታለን» ብሎ ላከብን። የቤት ሥራው ምን እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እናቴ እህል አልቀምስ አለች። አባቴ ግን ቶሎ ብሎ አስኮ ወደ እጮኛዋ ቤተሰብ ሽማግሌ ሰደደ፦ «ለፋሲካ ማግስት ያልነው ሰርግ እሑድ ማታ ይሁን፤ ልጄን ውሰዱልኝ።»

«ሰርግ በማታ?» ቢሉት፣ «ቀን እንዳይሆን ሰው መሰብሰብ በፈቃድ ነው። ማታ ደግሞ መብራት ክልክል ነው። ጨረቃዋ ግን ሙሉ ናት፣ እሷን ማን ይከለክላታል?» አለ። እኛንም አስጠነቀቀን፤ ፋኖስ የለም፣ ከበሮ የለም፣ እልልታ የሚባል ነገር እንዳልሰማ!

ምን ያደርጋል! እሑድ ፀሐይ እንደገባች ጨረቃዋ ከከተማው ወዲያ ብቅ አለች፤ ቀልታ፣ እንደ ሰፌድ ሰፍታ። ከፍ ስትል ግቢያችን ነጋ ማለት ይቻላል። መሬት የወደቀ መርፌ ይታይ ነበር። አክስቴ ሆዷ ነገር አይችልም። ቀና ብላ አየቻትና እልልታዋን ለቀቀችው። አባቴ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ።

ትንሽ ቆይቶ በአስኮ መንገድ የበቅሎ ኮቴ ተሰማ። «ሚዜዎቹ መጡ!» ብለን እኛ ልጃገረዶች ወደ በሩ በረርን። የሙሽራን ወገን ሳይከለክል የሚያስገባ ማን አለ? እጅ ለእጅ ተያይዘን ደጁን ዘጋንና «መጀመሪያ እጅ መንሻ!» እያልን ጮህን። በቅሎዎቹ ቆሙ። ቀና ስል ቆብ አየሁ፣ ጠመንጃ አየሁ። ወይኔ ጉዴ፣ ጣልያን ነው! እልልታውን ሰምተው የመጡ ቃፊሮች ናቸው።

ልንበተን ስንል አክስቴ ከኋላዬ ተጠግታ በጆሮዬ «እንዳትለቂ! ሙሽራው በጓሮ ገብቷል፣ እያወጧት ነው» አለችኝ። የጓደኞቼን እጅ ጭብጥ አደረግሁ።

«ባዶ እጃችሁን ነው የመጣችሁት? አናስገባም!» አልኩ።

አብሯቸው የነበረው አስተርጓሚ ያገራችን ሰው ነው። ለአለቃቸው ምን ብሎ እንደተረጎመለት እስከ ዛሬ አላውቅም። አለቃው ጨረቃዋን አየ፣ እኛን አየ፣ ሳቀና ኪሱን ዳበሰ። ካራሜላ! ለያንዳንዳችን ካራሜላ አደለን። እኛ ደግሞ «አነሰ!» አልን። እመብርሃንን፣ «አነሰ» አልን! ጨመረልን። አገሩን ሁሉ ሳይጠይቁ የገቡበት ሰዎች፣ እኛ ደጅ ላይ ቆመው አስገቡን ብለው ለመኑ። ደስታው ከካራሜላው በለጠብኝ።

አክስቴ ጎኔን ቆንጠጥ ስታደርገኝ ለቀቅን። ገቡ፤ ፋኖስ የለ፣ ከበሮ የለ፣ ሙሽራ የለች። አባቴ ጋቢውን ተከናንቦ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል።

«ምን አግኝታችሁ ነው እልል ያላችሁት?» አለ አስተርጓሚው።

«ወጣች ብለን ነዋ» አለ አባቴ።

«ማን ናት የወጣችው?»

አባቴ ጣቱን ወደ ሰማይ ቀሰረ። «ጨረቃ ናታ ጌታዬ። አያዩዋትም?»

አለቃው አንጋጦ ቆየ። አስተርጓሚው ግን ነገሩ የገባው ይመስለኛል፤ ከንፈሩን ነክሶ በቅሎውን አዞረ።

ኮቴው ሲርቅ ወደ ጓሮ ሮጥን። ማዶ ዳገቱ ላይ አንዲት በቅሎ ትሄዳለች፤ የእህቴ ነጭ ኩታ ከዚያ ሁሉ ርቀት ይታያል። እናቴ እያለቀሰች ትስቃለች። አባቴ ራሱ «በሉ እንግዲህ፣ አሁን እልል በሉ!» አለን። ኮልፌን አናወጥናት።

ሰኞ ጠዋት ከካምፑ ሁለት ወታደሮች መጥተው «ልጅቷ የት አለች?» አሉ። አባቴ ደረቱን ነፍቶ ደጁ ላይ ቆመ።

«ወጣች» አላቸው። ጣቱን ግን የትም አልቀሰረም።