ጉፒ በፓስታ ማጥለያ ውስጥ

የራሷን ልጆች የምትበላ እናት ቤታችሁ አስቀምጣችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አስቀምጫለሁ። ጉፒ የምትባለው ትንሽ ዓሣ እንቁላል አትጥልም፤ ትወልዳለች፣ ከዚያም የወለደችውን ትበላለች። ድሬዳዋ ውስጥ የውኃ ማሞቂያ አያስፈልጋትም፤ የሚያስፈልጋት ጠባቂ ነው። በመጀመሪያው ወሊድ ስምንት ልጆች ቆጠርኩ። ቁጥሩን ልመዘግብ ደብተር ይዤ ስመለስ ሁለት ብቻ ቀርተዋል።

አከራዬ በዓሣ ገንዳው መስታወት በኩል አዩና «አቦ መምህር፣ ይቺ እናት ናት ድመት?» አሉኝ።

እንደገና ስታረግዝ የእሳቸውን የፓስታ ማጥለያ ተዋስኩ። ማጥለያውን ገንዳው ውስጥ አንጠለጠልኩና እናትየውን እዚያ ውስጥ አስገባኋት። ነገሩ ቀላል ነው፤ ልጆቹ በቀዳዳዎቹ ወደ ታች ይወርዳሉ፣ እሷ ግን ልትከተላቸው አትችልም።

«መቼ ነው የምትወልደው?» አሉ አከራዬ።

«ዛሬ ወይ ነገ።»

«ዛሬ ምሳ ፓስታ ነው።»

ሦስት ቀን ሩዝ ተበላ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ከማጥለያው ሥር አሥራ አንድ ልጆች ይዋኙ ነበር። አከራዬ ሁለት ጊዜ ቆጠሯቸውና «በል፣ ማጥለያዬን በደንብ አድርገህ እጠበው» አሉኝ።

እባካችሁ እናንተም ሞክሩት፤ ቀዳዳው ግን ልጆቹን የሚያሳልፍ፣ እናትየውን የማያሳልፍ መሆኑን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።