እትዬ ቋ እና የተመላላሾቹ በር

እትዬ ቋን ሳይጠላ ከዚያ ትምህርት ቤት የወጣ ተማሪ አልነበረም። እወዳት ነበር የሚል ግን ዛሬ በሽ ነው።

ስሟን ያወጣላት ከእጇ የማይለየው ማንኳኪያ ነው። እንደ መጽሐፍ የሚከፈቱና የሚገጠሙ ሁለት መዳፍ የሚያክሉ ጠንካራ የእንጨት ሳንቃዎች ናቸው፤ ከፈት አድርጋ ስትገጥማቸው «ቋ!» ይላሉ። አንድ ቋ ዝምታ ነው። ሁለት ቋ በቁመት ሰልፍ መያዝ። ሦስት ቋ እጅን ወደ ፊት ዘርግቶ ጥፍር ማሳየት። ሴት ልጆች ወደ ካቶሊክ ሲስተሮቹ ትምህርት ቤት ሲገቡ መጀመሪያ የሚማሩት አባታችን ሆይን ሳይሆን ይህንን ነበር። አባታችን ሆይን የምትረሳ ልጅ ነበረች፤ ቋን የረሳች ግን የለችም።

ራሷም የተማረችው እዚያው ነው። በልጅነቷ አጎቷ ከነሻንጣዋ አምጥቶ በትልቁ የብረት በር አስገባትና «ጎበዝ ሁኚ፤ ለዕረፍት መጥቼ እወስድሻለሁ» ብሏት ሄደ። ለአንድ ዕረፍት መጣ። ከዚያ ሚስት አገባና መንገዱ ጠፋው። ሲስተሮቹ አላባረሯትም፤ ሳህን አጣቢ አደረጓት። ከአዳሪዎቹ ጋር አንድ ገበታ ላይ ትበላለች፤ እነሱ ሲነሱ እሷ የበሉበትን ትሰበስባለች። ሌላ ሰው ቢሆን አንገቱን ይደፋ ነበር። እሷ ኮራች። ምን እንዳኮራት እግዜር ይወቅ። «እኔ አዳሪ ነኝ» ትላለች፣ አለቀ።

ትምህርት ቤቱ ሁለት በር አለው። ትልቁ የብረት በር የአዳሪዎች ነበር። በጎን በኩል ያለችው፣ ረጅም ሰው ጎንበስ ብሎ የሚገባባት ጠባብ በር ደግሞ የተመላላሾች። አዳሪዎች ሰማያዊ ቀበቶ ያስራሉ፣ ተመላላሾች ቡናማ። እትዬ ቋ ሥልጣን ስትይዝ ያወጣችው የመጀመሪያ ሕግ በጠባቧ በር ውስጥ ጆንያ ማስነጠፍ ነው። ተመላላሽ ሁሉ ጫማዋን በጆንያው ላይ ሳትጠርግ አታልፍም፤ ይዝነብ አይዝነብ።

«መንገዱን ይዛችሁብኝ አትግቡ!» እያለች በሩ ላይ ትቆማለች።

ግቢው ራሱ አቧራ በአቧራ ነበር፤ ማንም ይህን አንስቶባት አያውቅም። አዳሪዎቹም ከአፏ ተቀብለው ተመላላሾቹን «ጆንያ» ይሏቸው ጀመር። እንግዲህ አስቡት፤ ጆንያ የተባሉት ማታ ቤታቸው ገብተው ከእናታቸው ጋር ራት ይበላሉ፤ ተሳዳቢዎቹ የሳህኑ ታች የሚታይበት ቀጭን ሾርባ ጠጥተው፣ በቋ ተሰልፈው፣ በቋ ይተኛሉ። የተቆለፈበት ሰው የሚኮራበት ሲያጣ በቁልፉ ይኮራል።

ሥልጣኑን ያገኘችው እንዲህ ነው። ስታድግ መመንኮስ ፈለገች። የዚያን ጊዜዋ ኃላፊ፣ አሮጊቷ ሲስተር፣ መነጽራቸውን አውልቀው አዩዋትና «ልጄ፣ አንቺ የምትወጂው እግዚአብሔርን አይደለም። የምትወጂው ሰልፍ ነው» አሏት። እውነት ተናገሩ። ከዚያስ ምን አደረጉ? መሳቢያቸውን ከፍተው ማንኳኪያውን አወጡና የመኝታ አዳራሹና የበሮቹ ተቆጣጣሪ አደረጓት። ለእግዚአብሔር አትሆንም ያሏትን ለልጆች ሰጡ።

በአዳራሹ ጫፍ በሳንቃ የተከለለች ክፍል ተሰጠቻት። አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ ግድግዳ ላይ የልብስ ምስማር፣ ወደ ልጆቹ አልጋዎች የምታሳይ ባለመጋረጃ መስኮት። መጋረጃውን ትንሽ ገለጥ ስታደርግ እሷ ሁሉንም ታያለች፣ እሷን ማንም አያያትም። በምድር ላይ የኔ የምትለው ይህቺን ክፍል ብቻ ነው፤ ከመስኮቷ ጋር።

ከዚያች መስኮት ብዙ አይታለች፤ ያየችውንም ሁሉ ንቃለች። በመጀመሪያው ሳምንት የሚያለቅሱትን ናቀች። የማያለቅሱትን «ድንጋይ» ብላ ናቀች። እሑድ እሑድ እንግዳ መቀበያው ክፍል ውስጥ በፕላስቲክ አበባው ዙሪያ ተኮልኩለው የሚያወሩት የሚጠፋቸውን ወላጆች ናቀች።

አንዲት ልጅ ነበረች፤ እናቷ የሞተችባት፣ አባቷ ከሩቅ አምጥቶ ያስገባት፣ ፍራሽ የምታረጥብ። እትዬ ቋ ጠዋት ጠዋት የረጠበውን አንሶላ ከአልጋው ገፍፋ በልጅቷ አንገት ላይ ታደርግና ምግብ ቤት ታስገባታለች። ልጅቷ አንሶላውን እንደተሸከመች ዳቦዋን ትበላለች። «እርጥቧ» የሚል ስም ወጣላት፤ ስሙን ያወጣችው ማን እንደሆነች መናገር አያስፈልግም። ሲስተሮቹ ያዩ ነበር። እንዲያውም አንዷ አንድ ቀን «ኧረ ልጅቷን ብርድ እንዳይመታት» ብላለች። ደግነታቸው እስከዚህ ድረስ ነበር።

ዓመታት ሄዱ። ወላጆች መኪና ገዙ፣ አዳሪ እያነሰ መጣ፣ በመጨረሻም ባዶ አልጋዎችና እትዬ ቋ ብቻ ቀሩ። ከዚያ አዲሷ ኃላፊ መጣች፤ በአንድ እጇ መቁጠሪያ፣ በሌላው ስልክ የምትይዝ ወጣት ሲስተር። አስጠራቻት።

«እትዬ፣ የመኝታ አዳራሹን የኮምፒውተር ክፍል ልናደርገው ነው። አንዳንዴ የሚጠይቅዎ የወንድምዎ ልጅ አለ አይደል? እሱ ጋ ቢሆኑ ይሻልዎታል። እዚህ ደረጃውም ይከብድዎታል።»

«ደረጃው ከብዶኝ አያውቅም።»

«ዕድሜም እኮ አለ፣ እትዬ።»

«ያረጀው ደረጃው ነው። እሱን አባሪው።»

ሲስተሯ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ነገሩ ተቆርጧል የሚል ሳቅ ነበር።

ለእትዬ ቋ የቀራት ተስፋ አንድ ነው። የትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል እየደረሰ ነበር፤ የጣሪያውን እድሳት ወጪ የሸፈነው የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር ነው፤ የማኅበሩ ሰብሳቢ አንድ ቃል ከተናገረች ወጣቷ ሲስተር እምቢ አትልም። ለታቦቱ አንዴ ብትሰግድ ለሰብሳቢዋ ሁለቴ የምትሰግድ ናት። ሰብሳቢዋ ማን መሰለቻችሁ? እርጥቧ።

የበዓሉ ቀን የቀድሞዎቹ ተማሪዎች ሽቱአቸው ቀድሟቸው ገቡ። በትልቁ በር። ቀድሞ ጥፍራቸውን እየበሉ የሚያለቅሱት አሁን ሠራተኛ የሚያዝዙ፣ ባል የሚያንቀጠቅጡ ሴቶች ሆነዋል። «ያ ሾርባ! እንዴት እንደሚናፍቀኝ!» ትላለች አንዷ፤ ድሮ ሾርባውን አበባ መደብ ውስጥ ስትደፋ የያዘቻት እትዬ ቋ አጠገቧ ቆማለች። «ዛሬ ልጅ ተበላሽቷል፤ እኛ እኮ በፍቅር ነው ያደግነው» ትላለች ሌላዋ። በሲስተሮቹ ፊት ውሸቱን እንደ ከረሜላ ከአፍ ወደ አፍ ያቀባብሉታል።

ሰብሳቢዋ እጆቿን ዘርግታ መጣች። «እትዬ! እናታችን!» ብላ አቀፈቻት። እትዬ ቋ እቅፍ አታውቅም፤ እንደ በር ቆማ ታቀፈች።

«ታውቃላችሁ» አለች ሰብሳቢዋ ወደ ጓደኞቿ ዞራ፣ «እኔ ልጅ ሆኜ ፍራሽ አረጥብ ነበር። እትዬ ቀስ ብለው መጥተው፣ ማንም ሳያውቅ፣ አንሶላዬን ይቀይሩልኝ ነበር። ማንም ሳያውቅ!»

ያኔ አንሶላውን እያየች ስትስቅ ትን ብሏት የነበረች አንዷ ጓደኛዋ እንባዋን ጠረገች።

እትዬ ቋ ይህችን ሴት ድሮ ትንቃት ነበር፤ አሁን አብልጣ ናቀቻት። ድሮ ቢያንስ አትዋሽም። ግን የምታጣው ክፍሏን ነው። ልመና እንደ ጠጠር አፏ ውስጥ ተንከባለለ።

«ክፍሌን ሊወስዱብኝ ነው» አለች።

«ማን ነው የሚወስደው? እኔ ቆሜ? አሁን ምሳ ላይ ለሲስተር እነግራታለሁ። የታሪክ ክፍል ተብሎ እንዲቀመጥ አደርጋለሁ፤ እርስዎም እዚያው ይኖራሉ።»

ነገሩ በዚህ አበቃ። እትዬ ቋ ምሳ እስኪቀርብ ድረስ እጇን ማንኳኪያው ባለበት ኪሷ ውስጥ ከማቆየት በቀር ሥራ አልነበራትም።

ሁሉም ወደ ምግብ ቤቱ ሲሄዱ በጸሎት ቤቱ ኮሪደር አለፉ። በዚያ ኮሪደር ማውራት ክልክል ነበር። እነሱ ይንጫጫሉ። አንዷ በስልክ ሹፌሯን ትቆጣለች፤ ሌላዋ በጸሎት ቤቱ በር ላይ ተደግፋ ጫማዋን ታወልቃለች። እትዬ ቋ ቻለች፣ ቻለች፣ ከዚያ እጇ ከእሷ ሳይማከር ከኪሷ ወጣ።

ቋ!

ጸጥ። ስልክ የያዘችውም ሹፌሯን መሃል ላይ ተወችው።

ቋ፣ ቋ!

ከግድግዳው ጋር ተጣብቀው በቁመት ተሰለፉ። ማንም አላዘዛቸውም፤ እግራቸው ነው የወሰዳቸው። ወጣቷ ሲስተር ከምግብ ቤቱ ብቅ ብላ ይህን አየችና በሳቅ ፈርሳ በስልኳ መቅረጽ ጀመረች።

ቋ፣ ቋ፣ ቋ!

እጆች ሁሉ ተዘረጉ። እትዬ ቋ ከመጀመሪያዋ ጀመረች።

«ይህ ጥፍር ነው ወይስ ማንኪያ?»

አንገታቸውን ደፍተው ሳቃቸውን አፈኑ።

«አንቺ፣ ቀለበቱ በዛ። ስንቱን ነው ያገባሽው?»

አሁን በግልጽ ሳቁ። በሕይወቷ ሰው ስቆላት አያውቅም። ፊቷ ሞቀ። ማቆም የነበረባት እዚህ ጋ ነው፤ ግን ሰው ስልሳ ዓመት ሙሉ አንድ ዕቃ ብቻ ይዞ ሲኖር ማቆሚያው የት እንደሆነ ከየት ይወቅ?

ሰብሳቢዋ ጋ ደረሰች። የተዘረጋው እጅ ጥፍሩ ቀይ ተቀብቷል። እትዬ ቋ ቀለሙን አላየችም። ያየችው ከቀለሙ ሥር የተበላውን ጥፍር ነው፤ እሱን በደንብ ታውቀዋለች።

«አንቺ እርጥቧ! ዛሬስ ደርቀሻል?»

ሳቁ ተቆረጠ። ሰብሳቢዋ እጇን አልሰበሰበችም፤ አስቀያሚው ይህ ነበር። እንደዘረጋችው ቆማ፣ ሌላኛው እጇ ወደ አንገቷ ወጣና እዚያ የሌለ ነገር ገፍፎ ጣለ።

«አዎ፣ እትዬ» አለች። ድምፁ የትልቅ ሴት ድምፅ አልነበረም።

ምሳ ላይ ማንም የታሪክ ክፍሉን አላነሣም። ወጣቷ ሲስተር እያስተናገደች ሰብሳቢዋ ጋ ጎንበስ አለችና «ስለ እትዬ ክፍል የሆነ ሐሳብ አለዎት አሉኝ» አለቻት።

ሰብሳቢዋ አፏን በናፕኪን ጠረገች። «ምንም ሐሳብ የለኝም። ኮምፒውተር ይግባበት። ያቺ መስኮት ያለችበት ግድግዳ ግን ይፍረስልኝ፤ እኔ አስፈርሰዋለሁ።»

አጨበጨቡ። አብልጣ ያጨበጨበችው ስለ አንሶላው ያለቀሰችው ነበረች። እትዬ ቋ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሾርባዋን ትጠጣ ነበር፤ ለክብራቸው ሲባል የዚያን ቀን ሾርባው ወፍሮ ነበር።

የወንድሟ ልጅ ቤት ገባች። ሳሎን ውስጥ ፍራሽ አነጠፉላት። የመጀመሪያ ቀን ራት ሲቀርብ ማንኳኪያዋን አወጣችና ቋ አደረገች። ልጆቹ ከቴሌቪዥኑ ዓይናቸውን አልነቀሉም። የወንድሟ ልጅ ሚስት ብቻ «አክስቴ፣ እዚህ ቤት እኮ ሰልፍ የለም» አለቻት፤ በደግነት።

በሳምንቱ ማለዳ ለቅዳሴ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደች። ትልቁ በር ጋ ስትደርስ ዘበኛው ተነሥቶ በአክብሮት እጅ ነሣት፤ በሩን ግን አልከፈተም።

«በጎን ነው፣ እትዬ።»

«እኔ?»

«ይኼ ለመኪና ብቻ ነው ተብሏል። ከውጭ የሚመጣ ሰው ሁሉ በጎን ይግባ ነው የተባልነው።»

«እኔ ከውጭ ነኝ?»

ዘበኛው ክፉ ሰው አይደለም፤ ጥያቄውን የምር አሰበበት። «ማታ የት አደሩ?» አላት።

ግድግዳውን ይዛ ወደ ጠባቧ በር ዞረች። ቡናማ ቀበቶ ያሰሩ ልጆች እየተጋፉ ይገባሉ። ጆንያው እዚያው ነው፤ ተቀድዶ ሌላ ተተክቷል እንጂ አልተነሣም። ሕጉን ማን እንዳወጣው የሚያስታውስ የለም፤ ዝም ብለው ይጠርጋሉ። እትዬ ቋ ጆንያው ጫፍ ላይ ቆመች። ከኋላዋ ሰልፉ ረዘመ።

«እትዬ፣ ይጥረጉና ይለፉ እንጂ» አለች አንዲት ትንሽ ልጅ ከጀርባዋ፣ «ረፈደብን!»

ዝናብ ከጠፋ ወራት አልፈዋል፤ ጫማዋ ላይ ምንም አልነበረም። አንዱን እግሯን ጠረገች። ከዚያ ሌላኛውን።