የቅዳሜው ካርድ

ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ሞባይል ጠጋኙ ገና ወንበሩን ሳያሞቅ አንድ ሽማግሌ ከች ይላሉ። ኮታቸው ተተኩሶ ምላጭ መስሏል፤ ጫማቸው ፊት ያሳያል። ከደረት ኪሳቸው በመሐረብ የተጠቀለለ፣ ጥፍር የሚያህል ሚሞሪ ካርድ ያወጣሉ።

«ልጄ፣ ስልኬ ዛሬም እንቢ አለኝ። ‹ፎርማት ላድርገው፣ ያለበትን ሁሉ ላጥፋው ወይ?› ሲለኝ፣ ሞኝህን ፈልግ ብዬ ነቀልኩት።»

«አባባ፣ ካርዱ ምንም አልሆነም። ብዙ የሚይዝ አዲስ ዓይነት ካርድ ስለሆነ የእርስዎ አሮጌ ስልክ ሊያነበው አይችልም አልኩዎት እኮ!»

«እስቲ ባንተ ኮምፒውተር ክፈተው።»

ቪዲዮው ይከፈታል። ደልደል ያሉት ባለቤታቸው ብስክሌት ላይ ወጥተው፣ «ያዘኝ! ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ቀረጻውን ተውና ያዘኝ!» እያሉ አጥር ውስጥ ይገባሉ። ስልክ ሊያሠራ የመጣው ሰው ሁሉ በሳቅ ይፈርሳል። ሽማግሌው ግን ስክሪኑን ትተው የሚስቁትን ሰዎች አንድ በአንድ ያያሉ።

ዛሬ ጠጋኙ አንጀቱ አልችል አለና ቪዲዮውን ስልካቸው በሚያነበው ሌላ ካርድ ላይ ገልብጦ ሰጣቸው።

«በቃ አባባ፣ መመላለስ ቀረ። እቤትዎ ቁጭ ብለው ማየት ነው።»

ሽማግሌው አዲሷን ካርድ አገላብጠው አዩና ጠረጴዛው ላይ መልሰው አስቀመጧት። የድሮውን ካርድ በመሐረባቸው ጠቀለሉ።

«እቤት ከማን ጋር ልስቅ ነው፣ ልጄ?»