ማማ ላይ የተነበበ ጣሊያንኛ

ጣሊያንኛ እንደተጻፈ ስለሚነበብ አያስቸግርም፤ ጣጣው ያለው እንግሊዝኛ ላይ ነው ይባላል። ሰሞኑን አንድ መምህር በሬዲዮ ይህንኑ ሲደግሙት ሰማሁ። ስሕተት ነው። ጣሊያንኛ፣ ያውም አጥርቶ የተነበበ ጣሊያንኛ፣ አንድ ወጣት ከአገሩ ሲነቅል አይቻለሁ።

ወጣቱ የአክስቴ ልጅ ይታየው ነው። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር፤ ሁለታችንም ፍኖተ ሰላም እየተማርን ክረምቱን ቡሬ አጠገብ ወዳለው መንደራችን ገብተናል። ፍኖተ ሰላም ላይ አንድ የጋራዥ ባለቤት ለይታየው ቃል ገብተውለታል፤ የመኪና ዕቃዎችን ስም በጣሊያንኛ አጥርቶ ከጠራ ከመስቀል በኋላ ረዳት አድርገው ሊቀጥሩት። ሽማግሌው በጣሊያንኛ ቀልድ አያውቁም። «ካቻቢቴ» ያለውን ሁሉ «ካቻቪቴ በል!» ብለው ያርማሉ፤ ድርብ ፊደል ሲመጣም እንደኛው ቋንቋ ጠብቆ እንዲነበብ ይፈልጋሉ።

ይታየው ቀን ቀን ማማ ላይ ወጥቶ የበቆሎ ማሳችንን ከዝንጀሮ ይጠብቃል። እዚያው ሆኖ ያጠናል። ልጅ ሳለ ንባብ ቤት ስለቆየ ግን ማጥናት የሚያውቀው በዜማ ብቻ ነበር። «ባ—ሌ—ስትራ! ፍሪ—ትሲዮ—ኔ!» እያለ ድምፁን ሲለቀው ከወንዝ ማዶ ይሰማል። እኔ ከሥር እሸት እየጠበስኩ እስቃለሁ። ማዶ ያሉት አልሳቁም። ዜማው የቤተ ክርስቲያን ነው፤ ቃሉ ግን ግእዝ አይደለም። በእኛ አገር በረዶ የሚያግድ ደብተራ አለ፤ ገበሬው በየዓመቱ እህል ይሰፍርለታል። የሚያግድ ካለ የሚጠራም ይኖራል ብሎ ማሰብ ደግሞ ሞኝነት አይደለም፤ ሒሳቡ ትክክል ነው።

ነሐሴ ማለቂያ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ ሰማዩ ከግሽ ዓባይ በኩል ጠቆረ። በረዶው የማዶውን በቆሎ አገዳ ብቻ አስቀርቶ ሄደ። የእኛን አልነካም።

በማግሥቱ ከቅዳሴ በኋላ የቅጽሩ በር ላይ ሰው ከበበን። የማዶው ሽማግሌ አያ ቢተው በለሆሳስ ጀመሩ።

«ልጄ፣ ያንን ማማ ላይ የምትለውን እስቲ ለእኛም በልልን።»

«የመኪና ዕቃ ስም ነው፣ አያ ቢተው።»

«መኪና አለህ እንዴ?»

«የለኝም።»

«ታዲያ የሌለህን ዕቃ ቀኑን ሙሉ የምትጠራው ማን እንዲያመጣልህ ነው?»

ሰው ሳቀ። ሳቁ ግን አላማረኝም።

ይታየው ነገሩን ሊያቀልለው ሞከረ። «ትምህርት እኮ ነው! እንግሊዝኛማ ይብሳል። ቢላዋ ሲጻፍ ፊት የሚቆመው ፊደል አይነገርም፤ ሌሊት ሲጻፍ መሐሉ ላይ ሁለት ፊደል ዝም ይላል።»

አዝመራዋ የወደመባት ጥሩዬ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «ሰማችሁ? ተጽፎ አፍ የማይደፍረው!»

ሁላችንም ወደ የኔታ ዞርን። ይታየውን ፊደል ያስቆጠሩት እሳቸው ናቸው፤ አንድ ቃል ቢናገሩለት ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። የኔታ ጋቢያቸውን አጣፉና «እኔ ይህን ንባብ አላስተማርኩትም» ብለው ሄዱ።

ሰኞ ጠዋት ማሳው ስንደርስ ማማው መሬት ላይ ተጋድሟል። አራቱም እግሮቹ በመጥረቢያ ተቆርጠዋል። ከበቆሎው አንድ አገዳ እንኳ አልተነካም። ይታየው የተቆረጠውን እንጨት አይቶ አይቶ፣ «ላዩ ላይ ስሆን ሊቆርጡት ይችሉ ነበር እኮ» አለ። በዚያው የቡሬን ጭቃ መንገድ ይዞ ሄደ። ፍኖተ ሰላምም አልቆመም፤ ወሬው ቀድሞት ደርሶ ነበር።

አምና ለተዝካር መንደር ሄጄ ነበር። መብራት ገብቷል። የአያ ቢተው የልጅ ልጅ በስልኩ እንግሊዝኛ ይማራል፤ ስለ ዓለም ሁሉ ሲያወራኝ ዋለ። የይታየውን ስም ሳነሳበት ግን መጀመሪያ ቀና ብሎ ያየው ሰማዩን ነው። ነገሩ የሆነው እሱ ሳይወለድ ነው።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ አንድ ቦታ ይታየው የሚባል የቡሬ ሰው ብታገኝ፣ አገርህ ግባ ብለህ አትምከረው።