የረቡዕ ምስር

ቅዳሜ ዕለት ከመድኃኒት ቤት አንድ ጥቅል ፕላስተር ገዛሁ። ሻጩ እጆቼን እያየ «የቱ ጋ ቆሰልክ?» አለኝ። «ለወጥ ነው» አልኩት። ሳቀ። እኔ አልቀለድኩም።

ወጥ ላይ ፕላስተር መለጠፍን የወሰድኩት ከእናቴ ነው። ነርስ ናት፤ ያን ጊዜ ሰኞ ማለዳ ወደ ትየርኪዲ የስደተኞች ጣቢያ ትሄድና ዓርብ ማታ ትመለስ ነበር። አባቴ ሞቷል። ቤቱ የሚቀረው ለእኔ፣ ለዐሥራ ስድስት ዓመቱ ልጅ፣ እና ለትንሿ እህቴ ለሄለን ነበር። ስለዚህ እናቴ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የሳምንቱን ወጥ በአንድ ቀን ትሠራለች። በአምስት የፕላስቲክ ዕቃ ትከፍለውና ክዳኑ ላይ ፕላስተር ለጥፋ ቀኑን ትጽፋለች፤ ከዚያ ፍሪዘር ውስጥ ትደረድረዋለች። ሰኞ ቀይ ወጥ፣ ማክሰኞ ጎመን በሥጋ፣ ረቡዕ ምስር፣ ሐሙስ የሥጋ አልጫ፣ ዓርብ ሽሮ። የእኔ ሥራ ማሞቅ ብቻ ነበር።

በዚያ ጥር የአባቴ ታላቅ እህት እትዬ ተዋበች ከመቲ ከተማ ደወሉ። «ልጅን ልጅ አያሳድግም። መጥቼ አያለሁ፤ ካላማረኝ ሄለንን ይዣት እሄዳለሁ» አሉ። እናቴ ስልኩን ዘግታ ሽንኩርት መክተፏን ቀጠለች። «ይምጡ። ቤቴ ምግብ አላጣም» አለች፤ ለሽንኩርቱ ይሁን ለእኔ አላውቅም።

ማክሰኞ ጠዋት መብራት ጠፋ። በጋምቤላ ጥር፣ እኩለ ቀን ላይ ቆርቆሮው ይንጣጣል፣ ውሻው ጥላ እየተከተለ ይተኛል። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ከፍሪዘሩ ሥር ውኃ ተኝቶ ነበር። ጎረቤታችን ማማ ኛቦል በአጥሩ በኩል አየችኝ።

«አንተ፣ ምን ታለቅሳለህ?»

«አላለቅስም።»

«ፊትህ ያለቅሳል። እሳት የለም? አፍላ በቃ! ጠዋት አፍላ፣ ማታ አፍላ። እኛ ፍሪጅ መቼ ነበረን? ሞትን?»

ከሰል የነበረኝ ለአንድ ማንደጃ ነው። ድስትም አንድ። የቀሩትን ሦስቱን አንድ ላይ ገለበጥኩና አፈላሁ። ሄለን ቀምሳ «የሠርግ ይመስላል!» አለች። ኮራሁ። እንዲያውም ስለ ድስቱ አራት መስመር ግጥም ጻፍኩ፤ ያን ጊዜ ሁሉ ነገር ግጥም ይመስለኝ ነበር። ረቡዕ የሚለው ክዳን አጠገቤ ነበር። አየሁት፤ አላነበብኩትም።

በማግስቱ ከሰዓት እትዬ ተዋበች አቧራ ለብሰው ደረሱ። ቤቱን ጠርጌ፣ ሄለንን አጥቤ ነበር። ምግቡን አቀረብኩ። ለመጉረስ ያነሱትን እጃቸውን መልሰው አወረዱት።

«ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?»

«ረቡዕ።»

«ይሄስ?» በጣታቸው መሐል አጥንት ነበር።

«መብራት ጠፍቶ ነው።»

«መብራት ሲጠፋ ጾምም ይጠፋል? ይህች ልጅ እኮ ሰባት ዓመት ሞልቷታል!»

ሄለን አፏ እንደሞላ «ይጣፍጣል እኮ፣ እትዬ» አለች።

እጃቸውን ታጠቡ። የእናቴ ስልክ አልሠራም። ሐሙስ ጠዋት እትዬ ሄለንን ይዘው ሲሄዱ መናኸሪያ ድረስ ቦርሳዋን ተሸከምኩላት። «ዓርብ እመለሳለሁ?» አለችኝ። «እሺ» አልኳት። አላለቀስኩም፤ ወደ ቤት ስመለስ የማስታውሰው ጫማዬ ውስጥ የገባውን አሸዋ ብቻ ነው።

ዓርብ ማታ እናቴ የድስቱን ክዳን ከፍታ ብዙ ቆመች። «ሁለተኛ ድስት መግዛት ነበረብኝ» አለች። ሄለን ለክረምት ትመጣለች ተባለ፤ ከዚያ እዚያው ትምህርት ቤት ገባች፤ ከዚያ ቀረች። እሑድ እናቴ እንደ ወትሮው ሠራች። ዕቃዎቹ አምስት ነበሩ፤ የተሞሉት እስከ ግማሽ።

አሁን እኔም እሑድ እሑድ የሳምንቱን እሠራለሁ። ሁለት ድስት አለኝ። ሄለን ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ አንዳንዴ ከመቲ ትመጣለች። ባለፈው የመጣችው ረቡዕ ነበር። ምስሩን አሙቄ ሰጠኋት። ፕላስተሩን አነበበች፣ አመሰገነችኝ፣ ከዚያም ከመብላቷ በፊት በማንኪያ እስከ ሥሩ ድረስ ቀስ ብላ ፈተሸችው።