ይገዙ ያጠፋት መብራት

በናይሮቢ፣ በሁርሊንግሃምና በኪሌሌሽዋ ሰፈሮች መኪና ያለው ሐበሻ ሁሉ ይገዙን ያውቀዋል። «ሽቦ ያናግራል» ይሉታል። እዚያ ፉንዲ የሚሉት ሌላው መካኒክ ሦስት ቀን ፈትቶ ገጥሞ ያቃተውን መኪና፣ እሱ ዳሽቦርዱ ሥር አንገቱን ቀብሮ ይቆይና በሁለት ጣቱ አንዲት ሽቦ ይዞ ብቅ ይላል፤ «ይቺ ናት» ብሎ። ከአዲስ አበባ ናይሮቢ ሲገባ ከሙያው በቀር ይዞት የመጣው ነገር አልነበረም። ጌታቸው የሚባል የጋራዥ ባለቤት አስጠጋው፣ እዚያው አሥራ ሁለት ዓመት ሠራ።

ነገሩ የመጣው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2006 መጀመሪያ ላይ ነው። ሐብተማርያም የሚባል፣ በአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት የሚሠራ ደንበኛ ነበረው። መሥሪያ ቤቱ ወደ ሌላ አገር ሲያዛውረው የቤተሰቡን ሚኒቫን ሊሸጥ ተነሳ። መኪናው ከጃፓን አሮጌ ሆኖ የገባ፣ አሥር ዓመት ያለፈው፣ ቢሆንም በደንብ የተያዘ ነበር። አንድ ነውር ብቻ ነበረበት፦ ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ቀይዋ የኤርባግ መብራት አንዴ በርታ አልጠፋ ብላለች።

ይገዙ ፈታትቶ ምክንያቱን አገኘው። ከመሪው ሥር ያለው ጥቅል ሽቦ ተበጥሷል። መኪናው ቢጋጭ መሪው ውስጥ የታጠፈው ኤርባግ አይነፋም።

«ዕቃው እዚህ የለም። ከውጭ እስኪመጣ ሁለት ወር ይፈጃል» አለው።

«እኔ እኮ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሂያጅ ነኝ» አለ ሐብተማርያም። «መብራቷን ብቻ አጥፋልኝ። ገዢ እሷን ሲያይ ይሸሻል።»

አምፖሏን ነቅሎ መጣል ቀላል ነበር። ግን ቁልፍ ሲዞር ጭራሽ ሳትበራ ብትቀር፣ ነገር የገባው ገዢ ይነቃል። ስለዚህ ይገዙ አንዲት ቀጭን ሽቦ ከዳሽቦርዱ ጀርባ አሳልፎ እዚያው ካለችው የባትሪ ምልክት መብራት ጋር አጋባት። ከዚያ ወዲያ ቁልፉ ሲዞር ሁለቱም ይበራሉ፣ ሞተሩ ሲነሳ ሁለቱም ይጠፋሉ፤ ልክ እንደ ጤነኛ መኪና። ጌታቸው አይቶ ሳቀና «እጅህ ይባረክ» አለው። ይገዙም ደስ አለው። በኋላ ከሁሉ በላይ ያንገበገበው ይህ ነበር፤ ደስ ብሎት ነበር። ደግሞም የመጀመሪያው አልነበረም። ከዚያ በፊት በዚሁ መንገድ «ያዳናቸው» አሥር መኪኖች ነበሩ።

ሳምንት ሳይሞላ ሐብተማርያም መኪናውን ይዞ ወደ ጋራዡ ተመለሰ። ከጎኑ የተቀመጡትን ሴት ሲያይ ይገዙ ክው አለ። እትዬ ጽገወይኒ ናቸው።

እትዬ ጽገወይኒ የአሥመራ ሰው ናቸው። ወጣትነታቸውን አዲስ አበባ ስላሳለፉ አማርኛቸው የአራት ኪሎ ልጅ ነው የሚመስለው። ሁርሊንግሃም ውስጥ ልብስ ይሰፋሉ። ይገዙ ናይሮቢ በገባ በሁለተኛው ወር ታይፎይድ ጥሎት ሳለ፣ የማያውቁትን ሰው ቤታቸው አስተኝተው ሦስት ሳምንት ሾርባ ያጠጡት እሳቸው ናቸው።

«ይገዙ ልጄ» አሉት ከመኪናው እየወረዱ። «እኔ መኪና የማውቀው በቀለሙ ነው። አንተ አይተህ ደህና ነው ካልከኝ እገዛዋለሁ። ስምረትን ትምህርት ቤት የማመላልሳት እኔ ነኝ፤ እግሬ ደግሞ አልታዘዝ እያለ ነው።»

ስምረት የልጃቸው የሕድሪ ልጅ ናት፤ ያኔ ሰባት ዓመቷ ነበር።

ሐብተማርያም ስልኩን መነካካት ጀመረ። ይገዙ ኮፈኑን ከፈተ። ከሥር ገባ። ፍሬኑን አየ፣ ጎማውን አየ፣ አይቶት የማያውቀውን ያህል አየ። ሌላ ጥፋት እየፈለገ ነበር፤ «ይቅርብዎት» የሚያሰኝ፣ እሱን የማይነካ አንድ ጥፋት። አላገኘም። በመጨረሻ ቁልፉን አዞረ። መብራቷ በራች፤ ሞተሩ ሲነሳ ጠፋች።

«ሞተሩ ጤነኛ ነው። ፍሬኑም ደህና ነው» አለ።

«እንግዲያው ልግዛው?»

ሐብተማርያም ቀና ብሎ አየው። ጌታቸውም ከወዲያ ማዶ ያየዋል። እውነቱን ቢናገር የሦስቱም ገመና ነው፤ ከሁሉ ይልቅ የእሱ።

«ይግዙት እትዬ» አለ።

ከአምስት ወር በኋላ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ እትዬ ጽገወይኒ ስምረትን ትምህርት ቤት ሊያደርሱ ሲሄዱ ከፊታቸው የነበረ ማታቱ፣ የአገሩ ሚኒባስ ታክሲ፣ ሰው ሊጭን ድንገት ቆመ። ከኋላው ገቡበት። ስምረት ከኋላ ወንበር በቀበቶ ታስራ ስለነበር ትከሻዋ ከመበለዝ በቀር ምንም አልሆነችም። እሳቸው አጭር ናቸው፤ ወንበሩን ወደ መሪው አስጠግተው ነው የሚነዱት። ቀበቶ ቢያስሩም ፊታቸው ከመሪው ጋር ተላተመ።

መኪናው ተጎትቶ ጋራዡ ገባ። ሕድሪ አብራው መጣች። ከሆስፒታል በቀጥታ ነበር የመጣችው፤ ነጠላ ጫማ እንዳደረገች።

«ይገዙ፣ ኤርባግ አለው ተብሎ አልነበር? ለምን አልተነፋም? እስቲ እየውና ንገረኝ። ማወቅ ብቻ ነው የፈለግኩት።»

ይገዙ በሩን ከፍቶ ገባ። የመሪው መሐል ሽፋን ሳይሰነጠቅ እንዳለ ነው፤ ጠርዙ ላይ ደም ደርቋል። እጁ ዳሽቦርዱ ሥር ገባ። መፈለግ አላስፈለገውም፤ ሽቦዋ ያለችበትን ጣቱ ያውቃል። በጉጠት ቆረጣትና ኪሱ ከተታት።

«መኪናው ያረጀ ነው» አላት ሲወጣ። «ሲያረጁ አንዳንዴ እንዲህ ያደርጋሉ።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች ሕድሪ። «አንተ ባትኖር ማንን እንጠይቅ ነበር።»

ያን ቀን ምሳውን ሳይነካው መለሰው። በነጋታው ሐበሻው ሁሉ ሆስፒታል ሄደ፤ እሱ ቀረ። በሦስተኛው ቀን ቀረ። በአራተኛው ቀን ጌታቸው ራሱ «ሰው ምን ይላል? ሂድ እንጂ» አለው። ሽቦዋ ከኪሱ አልወጣችም። እሑድ ከሰዓት በኋላ ተነሥቶ ሄደ።

የእትዬ ጽገወይኒ ግራ ዓይን ተሸፍኗል። መንጋጋቸው ተሰብሮ ስለታሰረ መናገር አይችሉም፤ የሚሉትን የስምረት ደብተር ላይ ይጽፋሉ። ሲገባ ሲያዩት እርሳሳቸውን አንሥተው ጻፉና አዞሩለት።

«ቆየህ። አሞህ ነበር?»

ይገዙ አልጋው አጠገብ ተንበረከከ። ያዘጋጀው ንግግር ሁሉ ጠፋው። ሽቦዋን አውጥቶ አንሶላው ላይ አኖራት።

«መብራቷን ያጠፋኋት እኔ ነኝ እትዬ። እንደማይሠራ አውቅ ነበር። ይግዙት ስልዎትም አውቅ ነበር። ማክሰኞ ደግሞ ይቺን ቆርጬ ደበቅኩ፤ ሕድሪንም ዋሸኋት።»

በአንድ ዓይናቸው አዩት። ከዚያ ሽቦዋን አዩ። ደብተሩን ሳቡና ቀስ ብለው ጻፉ።

«ያን ቀን ስምረት ከፊት ካልተቀመጥኩ ብላ አልቅሳብኝ ነበር።»

እርሳሱን አስቀምጠው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ይገዙ ከተንበረከከበት እስኪነሣ ድረስ አልዞሩም።

ኮሪደሩ ላይ ሕድሪን አገኛትና ለእሷም ነገራት። ትጮሃለች ብሎ ጠብቆ ነበር፤ ትመታኛለችም ብሎ ነበር። «አመስግኜህ ነበር እኮ» አለችው፤ ይህን ብቻ። አልፋው ወደ እናቷ ገባች።

ሐብተማርያምን ባለበት አገር በስልክ አገኘው። «ባለሙያው አንተ ነህ፤ እኔ ምን አውቃለሁ?» አለው። መብራቷን አጥፋ ያለው ሐብተማርያም ነው፤ ያጠፋት እጅ ግን የይገዙ የራሱ ነው።

ከዚያ ቀሪዎቹን አሥር መኪኖች መፈለግ ጀመረ። በየደንበኛው ቤት እየሄደ በር ያንኳኳል። «መብራትህን አታልዬ ነው ያጠፋኋት። ኤርባግህ አይሠራም። አምጣና እንደነበረች ላብራት» ይላል። አንዱ በልጆቹ ፊት ሰደበው። አንዷ አለቀሰች። ዌስትላንድስ የሚባል ሰፈር የሚሠራ አንድ ሰው ደግሞ «እንዲያው ተዋት፣ ጠፍታ ትቅር፤ ስትበራ ታስጨንቀኛለች» ብሎ ሳቀ። ይገዙ ከሁሉም ይልቅ በዚህኛው ሳቅ አፈረ፤ የራሱን ድምፅ የሰማ መሰለው። ጌታቸው ወሬው ሲደርሰው «የጋራዤን ስም አጠፋኸው» ብሎ አሰናበተው። ሰባቱን አገኘ። ሦስቱ ተሸጠው፣ እንደገና ተሸጠው፣ የት እንደገቡ አልታወቀም። እስካሁን መንገድ ተጨናንቆ ሲቆም አሮጌ ሚኒቫን ካየ አንገቱን አስግጎ ማን እንደሚነዳው ያያል።

አሁን በአንድ የቆርቆሮ ዳስ ሥር ለብቻው ይሠራል። ሥራው ቀንሷል፤ የሚመጣው ሰው ግን ሳይጠይቅ እውነቱን ይሰማል።

ዓመት ሊሞላ ሲል አንድ ከሰዓት እትዬ ጽገወይኒን ከሩቅ አያቸው። በትር ይዘው ወደ ክር መሸጫው ያዘግማሉ። ግራ ዓይናቸው አልዳነም። ይገዙ እንዳያዩት ፈጥኖ መንገዱን ተሻገረ።

«ይገዙ! ቁም!» አሉ። መንጋጋቸው ቢጠገንም አነጋገራቸው ትንሽ ይኮላተፋል። ቆመ። እሳቸው ቀስ ብለው ተሻግረው ደረሱበት።

«ታፍራለህ፤ ደግ ነው፣ እፈር። እኔም ገና አልወጣልኝም» አሉት። «ሰላምታህን ግን ለምን ትነፍገኛለህ? ደግሞስ የሌላውን ሁሉ በር እያንኳኳህ የምትሸሸው እኔን ብቻ ነው እንዴ?»

«እንደምን ዋሉ እትዬ» አለ፣ መሬት መሬቱን እያየ።

«አልሰማሁህም።»

ቀና ብሎ ደገመው። ቀና ቢልም ግን ቀኝ ዓይናቸውን ብቻ ነበር የሚያየው።