ወደ ላይ የተመለሰችው ጠጠር

ሰፈሩ «አጫሹ» ይለዋል። ሲጋራ ግን በዕድሜው አንድ ቀን እንኳ አፉ ገብቶ አያውቅም። የሚያጨሰው ሥጋ ነው። ከግቢው ጀርባ ባለች ጠባብ የጡብ ክፍል ውስጥ ጨው የገባው ሥጋ በመንጠቆ ሰቅሎ፣ ከሥሩ እንጨት ሳይነድ እንዲጨስ እየጠበቀ ይውላል። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ሲኖር ዓይኑ ቀልቷል። ኮቱ ቢታጠብ ባይታጠብ ለውጥ የለውም፤ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ሳያስበው ይርበዋል። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ነውና፣ ስለ ሙያው ሲያወራ ልኩን አያውቅም ነበር። የሌላውን ሥጋ አንዴ ነክሶ «ይሄ ልጅ ገና ነው» ይላል፤ ልጅ የተባለው ሰውዬ የልጅ ልጅ አይቷል።

እውነቱ ከተነገረ የሙያው ግማሽ የታናሽ እህቱ ነበር። ባሏ ከሞተ ወዲህ አብራው ትኖራለች። ሥጋ የሚገዛው እንደ ልብ ሲገኝ ነው፤ የሚጨሰው ደግሞ ደረቅ እንጨት ሲመጣ። በመሃል ያለውን ጊዜ ሥጋውን የምትጠብቀው እሷ ናት። በስሱ ትዘረጋውና አየር እንዳይቀርበት ፌስታሉን በመዳፏ ትጫነዋለች፤ ቀኑን ፕላስተር ላይ ጽፋ ትለጥፍና ዲፕ ፍሪጁ ውስጥ ትደረድረዋለች። ማጨሻው ሲደርስ ሁለት ቀን ቀደም ብላ ወደ ተራው ፍሪጅ ታዛውረዋለች እንጂ ጠረጴዛ ላይ አውጥታ አታቀልጥም። አንድ ሌላ ዘዴም ነበራት። ዲፕ ፍሪጁ ጥግ ላይ ውሃ የረጋበት ኩባያ ታስቀምጣለች፣ በበረዶው ላይ አንዲት ጠጠር። መብራት ጠፍቶ ቆይቶ ቢመጣ፣ በረዶው መቅለጡን ማንም ባያይ እንኳ ጠጠሯ ሰጥማ ትገኛለች። ያን ጊዜ ሥጋው ይጣላል፤ ክርክር የለም። ወንድሟ መጀመሪያ ሰሞን «ለሥጋ ዘበኛ ቀጠርሽለት?» እያለ ይስቅባት ነበር።

አንድ ዓርብ ልጇ ወለደችና እሷም ለአራት ቀን ልጠይቃት ብላ ሄደች። በማግስቱ እንጨት መጣ። ግንዱ ወፍራም ስለሆነ ወንድሟ የኤሌክትሪክ መጋዝ ተዋሰ። ሶኬቱ አንድ ብቻ ነው። የዲፕ ፍሪጁን ገመድ ነቅሎ መጋዙን ሰካ፣ ቆረጠ፣ ላቡን ጠረገ፣ መጋዙን ለባለቤቱ መለሰ። ገመዱ መሬት ላይ እንደተጋደመ ቀረ።

ያየው ሰኞ ጠዋት ነው። ክዳኑን ሲከፍት ሥጋው በጣት ሲነካ ይሰረጉዳል፣ ፌስታሉ ሥር ደም የቀላቀለ ውሃ አቁሯል። ጠጠሯ ኩባያው ውስጥ ሰጥማለች። ሥጋው ደግሞ ጡረታ ለሚወጡት የሰፈሩ መምህር መሸኛ የታዘዘ ነው። ይጣል ቢባል ለእህቱ «ረሳሁ» ሊላት ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሁሉን ሲያርም የኖረ ሰው፣ ገመድ ረሳሁ ሊል። ከበደው። የቆረውን ውሃ ጠርጎ ገመዱን መልሶ ሰካና ሥጋው እንደገና በረዶ እስኪሆን ጠበቀ።

እስከዚህ ድረስ ስህተት ነው እንበለው። ቀጥሎ ያደረገውን ግን ስህተት ብዬ አልሸፍንለትም። ጠጠሯን ከውሃው አውጥቶ በሸሚዙ ጠረጋት፤ ውሃው ሲረጋ መልሶ በላዩ አስቀመጣት።

እህቱ በማግስቱ መጥታ ክዳኑን ከፈተች፣ ጠጠሯን አየች፣ «ተመስገን» ብላ ሥጋውን ለማጨሻው አወረደች። እሱ ከወትሮው አብዝቶ አጨሰው፣ ቅመምም ጨመረበት። የሞተን ሥጋ ጭስ አያነሣውም ብሎ ለሌላው ሲያስተምር የኖረው ራሱ ነው፤ ያን ቀን ግን ጭስ ሁሉን ይገድላል ብሎ ራሱን አሳመነ።

መሸኛው ቅዳሜ ነበር። እሑድ አሥራ አንድ ሰው ታመመ። መምህሩ አራት ቀን ሆስፒታል ተኙ፤ ደግነቱ ነፍስ አልጠፋም። ከጤና ጽሕፈት ቤት የመጣው ሰውዬ ሥጋውን የሚይዘው ማን እንደሆነ ሲጠይቅ፣ እህቱ «እኔ ነኝ» አለች። ወንድሟ አጠገቧ ቆሞ ጫማውን ያይ ነበር።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የእሷ ግን በቁሟ ወደቀ። ሰፈሩ «እጇ ነው» አለ። ከሰፈሩ ይልቅ የበላት የራሷ ሐሳብ ነበር። ዲፕ ፍሪጁን በፈላ ውሃ ደጋግማ አጠበች፣ የድሮ ፕላስተሮቿን ከቆሻሻ ለቅማ ቀኖቹን አመሳከረች። በመጨረሻ ወጥ ቤት ጠርታው፣ «ጋሼ፣ ዓይኔ ደክሞ ቀን አሳስቼ ይሆን? እጄን ማመን አቃተኝ» አለችው።

እሱም፣ «ሰው አይደለሽ? ያጋጥማል» አላት።

ያጠፋው እሱ፣ ይቅር ባዩም እሱ። ቃሉ ከአፉ እንደወጣ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው። እሷ ግን አመሰገነችው። ከዚያ ወዲያ ምግብ አልበላ አለው፤ የሠራችለትን ሳይጨርስ ትቶት ይነሣ ነበር።

መምህሩ ከሆስፒታል ሲወጡ ሄዳ ይቅርታ ልትጠይቅና ሙያውንም ልትተው ቆረጠች። ብቻሽን አትሄጂም ብሎ ተከተላት። መምህሩ ከስተው ብርድ ልብስ ተከናንበው ተቀምጠዋል። እሷ አንገቷን ደፍታ «ጥፋቱ የእኔ ነው» ስትል ከኋላዋ ወደ ፊት ወጣ።

«የሷ አይደለም» አለ። «ገመዱን የነቀልኩት እኔ ነኝ። ጠጠሯንም ወደ ላይ የመለስኩት እኔ ነኝ።»

መምህሩ ምን ያውቁና፣ «የምን ጠጠር?» አሉ። እንግዲህ ከመጋዙ ጀምሮ አንድ በአንድ ማስረዳት ግድ ሆነበት፤ እህቱ አጠገቡ ቆማ፣ እያንዳንዱን እየሰማች። ሲጨርስ መምህሩ ነፍስ ከተረፈ ሌላው ይሁን ብለው አሰናበቷቸው። ትንሽ ቀለል አለው።

በሩ ላይ እህቱ ቆመች።

«የከፋኝ መርሳትህ አይደለም ጋሼ። ‹ያጋጥማል› ስትለኝ ዓይን ዓይኔን እያየህ ነበር» አለችው።

ከዚያ በኋላ ጤና ጽሕፈት ቤትም፣ ገበያም፣ የታመሙት ቤትም እየዞረ ጥፋቱን ራሱ ተናገረ። ሰፈሩ እሱን ተቀየመው፣ እሷን ግን ይቅርታ ጠይቆ ካሳት። ከወራት በኋላ የቆመውን ሥራ ሲጀምሩ እንደ ድሮው ሥጋውን ዘርግታ ቀን ጻፈች። አልሰደበችውም፣ አላኮረፈችውም፤ ምሳውንም በሰዓቱ ታቀርብለታለች።

የልጅ ልጇ ጥርስ ያወጣ ሰሞን ግን እንደገና ሄደች። ከመሄዷ በፊት ዲፕ ፍሪጁን በጓጉንቸር ቆለፈችና ቁልፉን ለጎረቤት ልብስ ሰፊ ሰጠችው። ከወንድሟ አልደበቀችም፤ ፊት ለፊቱ ነው የሰጠችው።

በማግስቱ ለማጨሻ ሥጋ ማውረድ ነበረበት። ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ አብሮት መጣ፣ ከፈተለትና ቆመ። አጫሹ አንድ ጥቅል አወጣ፤ ሳይጠየቅ ፕላስተሩን ወደ ልብስ ሰፊው አዙሮ ቀኑን አሳየው። ልብስ ሰፊው እያፈረ ዓይኑን ሰበረ። ከዚያ ክዳኑን ዘግቶ ቆለፈ፣ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። አጫሹም በገዛ ቤቱ ቆሞ «እግዜር ይስጥልኝ» አለ።